የሊማሊሞ ስድስተኛ መታጠፊያ

ወረቀቱ በመወልወያው ጨርቅ ተጠቅልሏል።

ሴትዮዋ ባልዲዋን አንጠልጥላ የደባርቅን መናኸሪያ አቋረጠች። አልሮጠችም። የጽዳት ሠራተኛ አይሮጥም። በግራዋ ዘጠኝ አዳዲስ አውቶቡሶች ተደርድረዋል፤ የመቀመጫቸው ላስቲክ ገና አልተገፈፈም። በቀኟ አሮጌዎቹ ቆመዋል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከጎንደር አዲ አርቃይ የተመላለሱ፣ አንዳንዱ በሩ በገመድ የታሰረ። ቅዳሜ አሮጌዎቹ ከመስመር ይወጣሉ። አዲሶቹ አርባ ዘጠኝ አርባ ዘጠኝ ሰው ጭነው ሊማሊሞን ይወርዳሉ።

ወረቀቱ እንደሚለው ፍሬናቸው አይይዝም።

እዚህ ስሟ ገዱ ነው። በላካት የስለላ ቢሮ መዝገብ «ጉም» ትባላለች። እውነተኛ ስሟን ደባርቅ ውስጥ የሚያውቅ የለም። የአውቶቡሶቹ ባለቤት የሆነው ድርጅት የሙከራ ውጤት ደብቋል የሚል ጥርጣሬ ስለነበር፣ ቢሮው ከሁለት ወር በፊት ማንበብ የማትችል የጽዳት ሠራተኛ አድርጎ አስገባት። ማንበብ በማትችል ሴት ፊት ወረቀት የሚሸፍን የለም።

የጋራዡ ኃላፊ ዋሴ ውጤቱን ያላቃጠለው መኪኖቹን የሸጠላቸውን ነጋዴ ሊያስፈራራበት ስለፈለገ ነው። ዛሬ ሐሙስ ጠዋት መሳቢያውን ሳይቆልፍ ወጣ። እሷም ዋናውንም የካርቦን ግልባጩንም ወሰደች።

«ገዱ!»

ቆመች።

ዋሴ በቢሮው በር ላይ የሠራተኞችን መፈረሚያ መዝገብ ዘርግቶ ይጠብቃል። «ሳትፈርሚ ወዴት ነው?»

«ውሃ ልደፋ ነው፣ ጋሼ።»

አውራ ጣቷን ቀለም አስነካችና ከስሟ አጠገብ አሳረፈች።

ዋሴ መዝገቡን አየ። ከዚያ እሷን አየ።

«በየቀኑ ጣትሽን ይዤ ቦታውን የማሳይሽ እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ዛሬ ገጹ አዲስ ነው። ስምሽም ወደ ታች ወርዷል። ማን አሳየሽ?»

የሁለት ወር ሥራ በአንድ ጣት ሊበላሽ ነው።

«እታለም ናት» አለች። «ቀድማ ስትፈርም የኔንም ቦታ አሳየችኝ። እሷ እኮ ፊደል ለይታለች። ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች።»

ዋሴ ፈገግ አለ። «ሊቅ አለችን ለካ! በይ ሂጂ።»

እታለም ሌላዋ የጽዳት ሠራተኛ ናት። የሦስት ልጆች እናት፤ በአርባ አንድ ዓመቷ የጎልማሶች ትምህርት የገባች። አውቶቡስ ስታጥብ «የአደጋ ጊዜ መውጫ» የሚለውን ፊደል በፊደል ጮክ ብላ ታነባለች። ረዳቶቹ «ዲያቆን እታለም!» እያሉ ይስቁባታል። እሷም «ሳቁ! ነገ ደብዳቤ ልታስነብቡኝ ትመጣላችሁ» ትላቸዋለች።

ገዱ ዞራ አላየችም።

ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ዳባት ገበያ ደረሰች። አለቃዋ አንዳርጋቸው፣ በሥራ ስሙ «ጎረቤት»፣ ከነጭ ሽንኩርት ክምር ፊት ቁጢጥ ብሏል።

«የጃናሞራ ነው?» አላት።

«የለም፤ የወቅን ነው።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። ዋናውን ወረቀት ከሽንኩርት ጋር አቀበለችው።

«ግልባጭ አለው?»

«የለውም።» ለምን እንደዋሸች አላወቀችም። ግልባጩ ጫማዋ ውስጥ ነው።

«ጎበዝ። በዚያች ፊደል ቆጣሪ ማሳበብሽም ጥሩ ነበር። ዋሴ አሁን አንቺን አይጠረጥርም።»

እጇ ሽንኩርቱ ላይ ቀረ።

ያንን የሰማው ዋሴ ብቻ ነው።

አንዳርጋቸው ምን እንዳመለጠው አላስተዋለም። «ወደ አዲስ አበባ ተመለሺ። የቀረው የኔ ነው» ብሎ ወደ መኪናው ገባ። ወረቀቱን ለአራት ሲቀድደው በመስታወቱ አየችው።

ከቢሮው ጋር የሚያገናኛት እሱ ብቻ ነበር። ማንም አልቀራትም። በቀጣዩ አውቶቡስ ወደ ደባርቅ ተመለሰች።

ዓርብ ረፋድ ላይ ከጎማ መጋዘኑ ፊት ትጠርግ ነበር። ከቆርቆሮው በስተጀርባ ድምፅ ሰማች።

«ገዱ? አንቺ ነሽ? በአረማመድሽ አወቅሁሽ።»

መጥረጊያው ቆመ።

«ከትናንት ጀምሮ ቆልፈውብኛል፣ እኅቴ። ወረቀት ሰርቀሻል ይሉኛል። የምን ወረቀት? ውሃ እንኳ አቀብዪኝ።»

ቁልፉ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ዘበኛው ደርቤ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል። በሩን ብትከፍት እታለም ትወጣለች። ዋሴም ማን እንደከፈተ ያውቃል፤ ግልባጩን ከጫማዋ ያወጣል። ነገ አውቶቡሶቹ አርባ ዘጠኝ አርባ ዘጠኝ ሰው ጭነው ቁልቁለቱን ይጀምራሉ።

«ገዱ?»

አልመለሰችላትም።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሶቹ በአበባ አጊጠዋል፤ ከበሮ ይመታል። ሕዝቡ ተሰልፏል፤ መኪናው ጠበል ሳይረጭበት የሚሳፈር ግን የለም። መምህር ሀብተ ሚካኤል ከፊተኛው አውቶቡስ ደረጃ አጠገብ ቆመው መስቀል ያሳልማሉ። ገዱ ተንበርክካ ተሳለመች። ወረቀቱን ከመስቀሉ ሥር አስያዘቻቸው።

«አባ፣ ከመርጨትዎ በፊት ይህን ያንብቡልኝ። ወድቆ አግኝቼው ነው። እኔ ማንበብ አልችልም።»

መምህሩ ስንክሳር ሲያነቡ የኖሩ ናቸው። በልብ ማንበብ አያውቁም። መነጽራቸውን አስተካክለው ድምፃቸውን ለቀቁት።

«ሊማሊሞ ቁልቁለት፣ ስድስተኛ መታጠፊያ። ፍሬኑ ሦስት ጊዜ ተሞከረ። ሦስቱንም ጊዜ አልያዘም። ለሕዝብ ማመላለሻ አይሆንም።»

ከበሮው ቆመ።

አንዲት ነፍሰ ጡር ሰልፉን ትታ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት።

«አባ፣ ይስጡኝ!» ዋሴ እጁን ዘረጋ።

«የእናንተው ማህተም አለበት፣ ልጄ። የምሰጠው ለፖሊስ ነው።»

ዋሴ ገዱን ቀና ብሎም አላያት። ማንበብ የማትችል ሴት ናት። ወደ ደርቤ ዞረ። በአገጩ ወደ መጋዘኑ አመለከተው።

ገዱ አየች። ምን ማለት እንደሆነም ገባት።

በሕዝቡ መሃል ገብታ ጠፋች።

ፖሊስ የደረሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ዋሴ ተያዘ። መጋዘኑ ሲከፈት እታለም ወለሉ ላይ ነበረች። ቀኝ እጇን በብረት በሩ መሃል አስገብተው ዘግተውበታል፤ ደጋግመው።

ማታውን አንዳርጋቸው ደወለ። «ግልባጩን ያወጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ለቢሮው ጽፌያለሁ። አንቺ ስለ ዳባት ዝም በይ። እኔም በእታለም ላይ ስላደረግሽው ዝም እላለሁ።»

«እሺ» አለችው።

እሑድ ጠዋት ጤና ጣቢያው ገባች። የእታለም እጅ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«መጣሽልኝ? አንቺንስ ነኩሽ?»

«አልነኩኝም።»

«ተመስገን! ስምሽን ሲያነሱብኝ እሷ ሀ እንኳ አትለይም ብዬ በልጆቼ ማልሁላቸው።» ትንሽ አረፈች። «ዓርብ አንቺ መስለሽኝ ብጣራ፣ ሌላ ሰው ኖሯል።»

ገዱ መስኮቱን አየች።

«ጣቶቼ አይመለሱም አሉኝ። መምህሬ ግን በግራሽ ትጽፊያለሽ ይለኛል። ይቻላል እንዴ?»

«ይቻላል።»

«ሳምንት ትመጫለሽ አይደል?»

«እመጣለሁ» አለችና ወጣች።

ወደ ጎንደር የሚሄደው አሮጌ አውቶቡስ ሞልቷል። አጠገቧ የተቀመጠች ነጋዴ ቅርጫቷን ጭኗ ላይ አደላደለች።

«ከደባርቅ ነሽ?»

«አይ፣ አላፊ ነኝ።»

«አዲሶቹን አውቶቡሶች ያስቆመቻቸው የጽዳት ሠራተኛ ናት አሉ። እታለም የምትባል። እጇን ሲሰብሯት እንኳ ጓደኛዋን አልጠቆመችም። ታውቂያታለሽ?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«አላውቃትም።»