ያልተጠየቀው ግምት

የዚያ ዓመት ብርድ ክፉ ነበር። የሆላንዷ ከተማ የግሮኒንገን ቦዮች በረዶ ሆነው ረጉ፤ ጋዝ ተወደደ፤ ሽማግሌዎች በየቤታቸው ሞቱ። ዩኒቨርሲቲውም ቅዳሜና እሁድ ማሞቂያውን ማጥፋት ጀመረ።

ሰኞ ጠዋት የሰማይ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ዊበ ፖስትማ ጭንቅላታቸውን ተመትተው በቢሯቸው ሞተው ተገኙ። ያገኛቸው ባልደረባቸው ሩሎፍ ነው። ሐኪሙ ዶክተር ኦከስ የሬሳውን ሙቀት ለክተው «ቅዳሜ ማታ ነው የሞቱት» አሉ። ቅዳሜ ሩሎፍ ጀርመን፣ ሃምቡርግ ነበር። በዚያ ቀን ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ የተሰማችው የቀድሞ ተማሪያቸው ማይከ ናት።

መርማሪዋ ሂልኬ ዛይልስትራ ማይከን አስቀርባ ጠየቀቻት።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በኒውትሪኖ ክብደት።»

«ሰው በዚህ ይጣላል?»

«እኛ ዘጠኝ ዓመት ተጣልተንበታል። ኒውትሪኖ በሁሉም ነገር ውስጥ ሾልካ የምታልፍ ብናኝ ናት። እኛ በሚዛን አንመዝናትም። ሰማዩ እንዴት እንደሚሰፋ አስቀድመን እንገምታለን፤ ክብደቷ ከዚያ ይወጣል። እሳቸው ሰማዩን የሚገፋው ኃይል አይለወጥም ብለው ሲያሰሉ ክብደቷ ከምንም በታች ወጣ።»

«ከምንም በታች የእኔ ደመወዝ ብቻ መስሎኝ።»

ማይከ ፈገግ ልትል ሞከረች፤ እንባዋ ቀደማት። «‹ኃይሉ ይለወጥ ይሆናል፤ ግምቱን እንቀይረው› አልኳቸው። በሰው ፊት ሳቁብኝ። ቅዳሜም ይኸው ነበር። ስወጣ ግን አበባቸውን ውሃ አጠጥቼ ነው የሄድኩት። እንደ አባቴ ነበሩ እኮ።»

ሂልኬ ወደ ቢሮው ወጣች። መስኮቱ ዝግ ነው። በመስኮቱ ደፍ ላይ የአበባው ቅጠል ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ጠባቂውን ጠራችው።

«ማሞቂያው ሲጠፋ እዚህ ውርጭ ይገባል?»

«ኧረ አይገባም፣ እትዬ። በዚህ ግድግዳ? መስኮት ካልከፈቱለት በቀር።»

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙን፣ ማይከንና ሩሎፍን እዚያው ሰበሰበች።

«ዶክተር፣ ቅዳሜ ያሉት ክፍሉ እንዴት ነበር ብለው ነው?»

«ማሞቂያው ጠፍቶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ።»

«ለክተውታል?»

«ገመትኩ» አሉ ሐኪሙ ቀስ ብለው።

«ቅዳሜ ለምለም የነበረውን አበባ ውርጭ መታው። ስለዚህ ሌሊት መስኮቱ ተከፍቶ ነበር፤ ሬሳውም ፈጥኖ ቀዘቀዘ። ግምቱን ስንቀይር ቅዳሜ ማታ የነበረው እሁድ ማታ ይሆናል። እሁድ ማይከ ሌዋርደን ከተማ እናቷ ዘንድ ነበረች፤ አረጋግጫለሁ። መስኮቱን የዘጋው ደግሞ ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድሞ እዚህ የገባው ነው። ሩሎፍ፣ አንተ እሁድ ቀትር ተመልሰሃል። መስኮቱን የከፈትከው ቁጥር ከተነገረ ግምቱን የሚጠይቅ የለም ብለህ ነው።»



«ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ኃይሉ አይለወጥም በሚለው ግምት ላይ ነው» አለ ሩሎፍ። «እሁድ ማታ ፕሮፌሰሩ ጠሩኝ። ‹ነገ እዚህ በሚከፈተው የተመራማሪዎች ጉባኤ ፊት እናገራለሁ› አሉኝ። ‹ትክክሏ ማይከ ናት። ዘጠኝ ዓመት በድያታለሁ፤ ይህ ቃል ዕዳዬ ነው› አሉ።»

በሩ ክፍት ነበር። ለጉባኤው የመጡት ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰሙ። አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው ለማይከ ወንበር ሳቡላት። ተቀምጣ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። የፕሮፌሰሩ ዕዳ በገዳያቸው አፍ ተከፈለ።