የግራ መዳፍ አመድ

ማስተር ዘመነ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጭንቅላቱ ከሸራው ምንጣፍ ወጥቶ ሲሚንቶው ላይ አርፎ፣ ግራ ክንዱን እንደዘረጋ ተገኘ። የደብረ ማርቆስን ወጣት ጁዶ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ሳይጎዱ መውደቅ ሲያስተምር የኖረ ሰው ወድቆ ሞተ ተባለ። ወሬ ለማድረስ ከተማን ማን ብሎት! የጁዶ ክለቡ አዳራሽ ጥበቃ ጋሽ አበባው ጠዋት በሩን ከፍተው ከጮሁ ወዲያ፣ ፀሐይዋ እንኳ በቅጡ ሳትሞቅ፣ የተማሪው የሶልያና ስም በየሰዉ አፍ ገብቶ ነበር።

«ማታ አብራው የቀረችው እሷ ናት» አሉ። «እግሩን ጠርጋ ጣለችው» አሉ።

ፖሊስ ሶልያናን ከቤቷ ወሰዳት። ክፋቱ ደግሞ የተባለው ውሸት አለመሆኑ ነው። እግሩን ጠርጋዋለች፤ እሱም ወድቋል። ተነሥቶ ሲስቅ ማየቷን ታስታውሳለች፤ ግን ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ስቆ፣ አውርቶ፣ ከሰዓታት በኋላ ሊሞት እንደሚችል ራሱ ማስተር ነበር ያስተማራቸው። ገድዬው ይሆን? መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ስታብሰለስል ሄደች።

አዳራሹ ውስጥ ሬሳው ገና አልተነሣም። አንሶላ ለብሷል፤ ግራ እጁ ብቻ ወጥቶ ይታያል። በልጅነቱ ማጭድ የቆረጣት ትንሿ ጣቱ ግማሽ ናት። ሶልያና አየቻትና ፊቷን አዞረች።

የአምበር ከተማ ተወላጇ ኢንስፔክተር ሥራነሽ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ረጋ ብላ ትጠይቃለች፣ መልሱ ሳያልቅ ግን ዓይኗን አትነቅልም።

«ትናንት የሆነውን ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«ሌሎቹ ሲሄዱ ሸራውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልሁት። ከዚያ ከማስተር ጋር ተፋለምን። እግሩን ጠረግሁት፤ ወደቀ። ግን ተነሣ። በእግዚአብሔር፣ ተነሥቶ ነበር።»

«የት ላይ ነው የወደቀው?»

«መሐል ላይ።»

«ከተነሣ ታዲያ ምን ያስፈራሻል?»

ሶልያና እንባዋ መጣ። «እጅጌውን ለቀቅሁት። ስንጠርግ የምንጥለውን ሰው እጅጌ ይዘን ነው፤ ራሱን እንዳይመታ። እኔ ደንግጬ ለቀቅሁት።»

«ምን አስደነገጠሽ?»

ልጅቱ ቀና ስትል በሩ አጠገብ የቆመው ረዳት አሰልጣኙ አለበል እያያት ነበር። አቀረቀረች። ከፍልሚያው በፊት ከማስተር ጋር የተነጋገሩትን አልተናገረችም። ኢንስፔክተሯም አልጨቀጨቀቻትም።

«ሸራው ላይ ያለው አመድ ምንድን ነው?»

«መውደቅ ስንማር ሁለቱን መዳፋችንን አመድ እንቀባለን። ስንወድቅ አገጫችንን ደረታችን ላይ አጣብቀን ሸራውን በክንዳችን እንመታለን። የመዳፉ ምልክት ሙሉ ሆኖ ከወጣ በደንብ ወድቀናል ማለት ነው። ስንፋለም እጃችን አልታጠበም ነበር። እኔ ስወጣ ማስተር ቧንቧው ጋ እየታጠበ ነበር።»

አለበል ተራው ሲደርስ ደረቱን ነፍቶ ቀረበ።

«ትምህርቱ እንዳለቀ አመዱን ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁና ወጣሁ። ሁለቱን ትቻቸው ነው የሄድሁት» አለ።

«ቁልፉስ?»

አንገትጌውን ገለጥ አደረገ። ቁልፉ ከማተቡ ጋር ታስሯል። «ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም። ሌላ ቁልፍም የለም። ማስተር እንኳ ሲፈልግ እኔን ነው የሚጠይቀው።»

ጋሽ አበባው ማታ ለሠርክ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ የገባም የወጣም አላዩም። የሟች ታላቅ ወንድም መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ደግሞ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥግ ተቀምጠዋል። ወንድማቸውን «ይህን መደባደብ ተው» ብለው ተቀያይመው እንደነበር አገር ያውቃል፤ አልደበቁትም።

«ከፋሲካ ወዲህ አልተነጋገርንም። ትናንት ማታ ግን ደወለልኝ። ‹የኔታ፣ ነገ ይጁቤ አብረውኝ ይሂዱ፤ ለሽምግልና እፈልግዎታለሁ› አለኝ። ለምን እንደሆነ ሳይነግረኝ ቀረ።»

ይጁቤ የሚለውን ስትሰማ ሶልያና ድንገት ቀና አለች። ኢንስፔክተሯ አየቻት።

ከዚያ ያ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ እያየ፣ ሥራነሽ ኮፍያዋን አስቀምጣ ሸራው ላይ በጀርባዋ ተኛች። ክንዷን ዘረጋች፣ ሰበሰበች፣ ደግማ ዘረጋች። ተነሥታ ጀርባዋን አራገፈችና የሬሳውን አንሶላ ገልጣ ሁለቱንም መዳፎች አገላብጣ አየች።

«ሁላችሁም ጠጋ በሉ» አለች።

አራቱም ሸራው ዳር ቆሙ። ሶልያና የእጅ ሰንሰለቱ አሁን ነው የሚገባልኝ ብላ እጆቿን ብብቷ ሥር ሸሸገች።

«በተወለወለው ሸራ ላይ ጣቱ ግማሽ የሆነ መዳፍ ሁለት ቦታ ታትሟል» አለች ሥራነሽ። «አንደኛው ልጅቱ እንዳለችው መሐል ላይ ነው። ሙሉ ነው። እጅጌውን ብትለቀውም ሰውየው ሸራውን በክንዱ ቀድሞ መትቷል፤ ጭንቅላቱ አልተመታም። ተነሥቶም እጁን ታጥቧል። ቀኝ መዳፉን እዩት፤ ንጹሕ ነው።»

«ሁለተኛውስ?» አሉ መሪጌታ።

«ሁለተኛው ሬሳው አጠገብ፣ ተኝቼ እንደሞከርሁት ክንድ ሲዘረጋ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ግራ መዳፉ በአመድ ተለውሷል። አለበል፣ እስቲ ሣጥኑን ክፈተው። ጋሽ አበባው፣ እርስዎ መዳፍዎን አመድ ይቀቡልኝ።»

አለበል ከፈተ። ሽማግሌው ግራ እጃቸውን አመዱ ውስጥ ነከሩና፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ በቀኛቸው አሹት። ሁለቱም መዳፋቸው አመድ ሆነ።

«ሰው ራሱን ሲቀባ እንዲህ ነው። አንድ እጅ ብቻ የሚለወሰው ሌላ ሰው ሲለውሰው ነው። ደግሞስ ታጥቦ ሊሄድ የተነሣ ሰው ብቻውን አመድ ምን ያደርግለታል? ማስተር ዘመነ እዚህ አልወደቀም። ተመትቶ ከሞተ በኋላ እዚህ አስተኝተው እጁን አመድ ነክረው አተሙት። ያ ምልክት ከሌለ ወደቀ ቢባል የክለቡ ሰው እንደማያምን ገዳዩ ያውቃል። ጋሽ አበባውና የኔታ የአመዱን ነገር አያውቁም። ሶልያና ታውቃለች፤ አመዱ ግን ተቆልፎ ነበር።»

የሁሉም ዓይን አለበል አንገት ላይ ዐረፈ።

«እኔ ማስተርን ለምን እገድላለሁ?» አለ አለበል፤ ሊስቅ ሞከረ። «ምክንያቱን ንገሪኛ።»

ምክንያቱን ሥራነሽ ገና አላገኘችውም። ዘወር ብላ ሶልያናን ተመለከተቻት። «ዘመነን ወደ ይጁቤ ሊያስኬደው የነበረው ምንድን ነው፣ ልጄ?»

አለበል ሶልያናን ትክ ብሎ ያያታል። ዝም ብትል ነጻ ናት፤ እሷን የሚያስጠይቅ ነገር የለም። እሱም ምናልባት ነጻ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ግን እሱ ባለበት ከተማ እንዴት ትኖራለች? አፏን ስትከፍት ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«እዚህ አብራን ስትማር የነበረችው የይጁቤዋ ሂዊ እንደተባለው አድጧት አይደለም የወደቀችው። መውደቅ ሳትማር አለበል ጠረጋት፤ ለሣቅ ብሎ። አንገቷን ተመታች፤ ይኸው አባቷ ቤት እንደተኛች ናት፣ መቆም አትችልም። አይቻለሁ። ብትናገሪ አንቺንም እንደሷ ነው የማደርግሽ አለኝ። ትናንት አላስችል ሲለኝ ለማስተር ነገርሁት። ፍርሃትሽ እንዲወጣልሽ እንፋለም ያለኝም ለዚያ ነው። እግሩን ስጠርገው ሂዊ ትዝ ብላኝ ነው እጅጌውን የለቀቅሁት።»

አለበል ወደ እሷ ተንደረደረ። ፖሊሶቹ ያዙት። «ለመንሁት እኮ» አለ፣ ክንዱ ተጠምዞ። «ደውሎ ሲጠራኝ መጥቼ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ለሂዊ አባት እነግራለሁ አለ። ጀርባውን ሲሰጠኝ የበሩ መቀርቀሪያ ብረት እጄ ላይ ነበር።»

ይዘውት ወጡ። ሶልያና ነጻ ነሽ መባሏን ሰማች፤ ከመሄድ ይልቅ ወደ መሪጌታ ቀረበች።

«የኔታ» አለች፣ «ባልነግረው ኖሮ አይሞትም ነበር።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

«ወንድሜን ቀብረን ይጁቤ እንሄዳለን። ለሂዊ አባት የምትነግሪው አንቺ ነሽ።»

«እፈራለሁ፣ የኔታ።»

«እኔም እፈራለሁ» አሉ መሪጌታ። «አብረን እንሄዳለን።»