ካርታው የማያውቀው መስመር

«መኪናሽ ሞታለች» አለኝ። ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው!

«አልሞተችም፣ ተኝታ ነው!» አልኩት ተናድጄ። በመሥሪያ ቤታችን ምድር ቤት፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ የሚኒያፖሊስ ብርድ ጣቶቼን አድርቋቸዋል፤ እሱ ደግሞ ቆሞ ይስቃል። ከዚያ ግን ከመኪናው ኬብል አወጣና ባትሪውን ከባትሪዬ ጋር አገናኝቶ አስነሳልኝ።

«ዋይላን እባላለሁ። ከላይኛው ፎቅ ነኝ።»

«ኮራ። ካርታ ሠሪዋ።»

«አሃ! የምትሰልዪን አንቺ ነሽ እንዴ?»

በነጋታው እዚያው ምድር ቤት ጠበቀኝ። በማግስቱም። ስልክ በማይሠራበት ጥግ ቆመን፣ ቡናችንን በወረቀት ኩባያ ይዘን እናወራለን፣ እንሳሳቃለን፣ ወደየፎቃችን እንለያያለን። ስልክ ቁጥሬን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ ግን እየወደድኩት... እየወደድኩት ሄድኩ።

ሥራዬን ልንገራችሁ። የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ማን ለማን መልእክት እንደሚልክ ይቆጥራል። እኔ ከዚያ ካርታ እሠራለሁ። ሰው ሁሉ ነጥብ ነው፤ በብዛት በሚጻጻፉ ሰዎች መካከል ወፍራም መስመር ይሰመራል። በየዓመቱ ጸደይ ሲመጣ አለቆቻችን ካርታውን አይተው ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ ይወስናሉ። መስመራቸው የወፈረ አብረው ይቀመጣሉ፣ ሲዛወሩም አብረው ይዛወራሉ።

በዚያ ዓመት ካርታው እንዳለቀ መጀመሪያ የፈለግኩት የሱን ነጥብ ነው። አላፍርበትም። ከሱ ወደኔ የክር ያህል እንኳ መስመር የለም። ወደ ብሪጂት ግን... ገመድ ነው! ብሪጂት አጠገቤ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ናት።

ጠዋት ምድር ቤት ሁለት ቡና ይዞ ሲጠብቀኝ አልፌው ሄድኩ።

«ኮራ! ቡናሽ እኮ...»

«ለብሪጂት ስጣት!»

በዚያው ሳምንት አለቃችን ዳርሊን ብሪጂትን እዚያ በረሃ አገር፣ ፊኒክስ ለሚከፈተው ቢሮ መረጠቻት። «ዋይላንም አብሯት ይሂድ። እንዲህ የተሳሰሩ ሰዎች አይለያዩም» አለች፣ ካርታዬን እያሳየች።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አልኳት ብሪጂትን፣ ጥርሴን ነክሼ።

«ለምኑ?»

«ከዋይላን ጋር ልትሄጂ አይደል? ቀን ከሌት ስትጻጻፉ ከርማችሁ!»

ትክ ብላ አየችኝና በሳቅ ፈነዳች።

«አንቺ ጅል! የምንጻጻፈው እኮ ስላንቺ ነው! ኮራ ምን ትወዳለች? ኮራ ለምን አኮረፈች? ልንገራት ወይስ ልተወው? ኧረ ሰለቸኝ! ራስህ ንገራት ስለው፣ ፊቷን ሳይ አፌ ይተሳሰራል ይለኛል።»

የምወደውን ሰው በገዛ እጄ ልሸኘው ነበር!

ዝውውሩ በሚነገርበት ስብሰባ ካርታው ትልቁ ስክሪን ላይ ተዘርግቷል። ተነሳሁ። ቀይ ሊፕስቲኬን ከቦርሳዬ አወጣሁና ከኔ ነጥብ እስከ ዋይላን ነጥብ ድረስ አሰመርኩ።

«ኮራ! አብደሻል?» ዳርሊን ጮኸች። «ይሄ መስመር መረጃው ውስጥ የለም!»

«የለም! ካርታው ማን ለማን እንደሚጽፍ እንጂ ስለማን እንደሚጽፍ አያውቅም። እኔ ይሄን ሰው እወደዋለሁ። ይሄንንም ቁጠሩት!»

ዋይላን እስከ ጆሮው ቀልቶ መጣ። ሊፕስቲኩን ከእጄ ወሰደና መስመሬን ደግሞ አሰመረበት... ወፍራም አድርጎ።

«ፊኒክስ አልሄድም» አላት ዳርሊንን።

«እንግዲያው ሥራ የለህም!»

«ይቅርብኛ!»

«እኔም ከዛሬ ጀምሮ ካርታ አልሠራም» አልኩ።

ሥራ አጥ ሆነን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ምድር ቤት ወረድን። መኪናዬ አልነሳም አለች።

«ሞታለች» አለ።

«ተኝታ ነው» ከማለቴ ሳመኝ።

ዛሬ ባልና ሚስት ነን። ሁለታችንም ሌላ ሥራ አግኝተናል። መልእክት ግን እስከ ዛሬ አንላላክም፤ የምንለውን ፊት ለፊት እንባባላለን። ስለዚህ በየትኛውም ኮምፒውተር ካርታ ላይ የማንተዋወቅ ሁለት ነጥቦች ነን። እንደፈለጉ ይሳሉን! ይህን ስጽፍላችሁ ቀዝቃዛ እግሬን እግሩ ላይ አሳርፌያለሁ።

«ኧረ በረዶ ነሽ!» ይለኛል። እግሩን ግን አላሸሸም።