ከጀርባው የሚታየው ልጅ

«ዝም በሉ፣ ጀመረ!» አለች እናት የቴሌቪዥኑን ድምፅ እየጨመረች።

ቆቄ ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ስሟን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ እንደ ቆቅ ንቁ ናት፣ ምንም አያመልጣትም ብሎ። እሱ ታስሯል፤ ፊልሙም ስለ እሱ ነው። የፊልሙ አዘጋጅ ወር ሙሉ እየተመላለሰች እናትን ቀርጻለች። «የእናንተም ሰፈር ሰው ይወከላል፣ ቃሌ ነው» ብላ ነበር። እናት ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ደክማ እየገባች፣ ልጇ በሕፃንነቱ የሠራውን ጉድ ሁሉ እየሳቀች አውርታላታለች።

ያ ሁሉ ሳቅ የለም። የሚተነትኑት ጠበቃ፣ ፖሊስና የሥነ ልቦና ባለሙያ በሙሉ ቀላ ያሉ የወዲያኛው ሰፈር ሰዎች ናቸው። የእነ ቆቄ ዓይነት ጠቆር ያለ መልክ ያላቸው ሁለት ብቻ ታዩ። አንዷ እናት ናት፣ ስታለቅስ። ሌላው ከጀርባው የሚታይ ልጅ ነው፤ እንደ ወንድሟ ሆኖ ይተውናል። መጋዘን ውስጥ ይገባል፣ ብረት ያነሳል፣ ዘበኛውን ይመታል።

ወንድሟ መስረቁን አልካደም። «ዘበኛውን ግን አልመታሁም» እንዳለ ነው።

«ወይኔ ልጄን!» ብላ እናት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ቆቄ ጃኬቱን እያየች ነበር። ክርኑ ላይ እናቷ በአረንጓዴ ክር የጣፈችው የወንድሟ ጃኬት ነው። ለትምህርት ቤት ቴአትር ብሎ ከእሷ የተዋሰው ሽቦ የሚሉት ቀጫጫ ጓደኛዋ ነበር፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ተምረዋል። ግራ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ ነው የሚራመደው። የፊልሙም ልጅ እንደዚያ ይራመዳል። ቆቄ ልጁን ለየችው፤ ለእናቷ ግን አልነገረቻትም።

ጠዋት ወንድሟ ደወለ። እስረኞቹም ፊልሙን አይተውታል።

«ጃኬቴን ማን ሰጣቸው?» አላት። «እናንተም ሸጣችሁኝ በቃ?»

ብሎ ስልኩን ዘጋባት። ቆቄ አለቀሰች፤ ከዚያ ተናደደች።

ሽቦን ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ጀርባ አገኘችው።

«አንተ ነህ አይደል?»

«ቆቄ፣ እስኪ መጀመሪያ ስሚኝ…»

«ነህ ወይስ አይደለህም?»

«ፊትህ አይታይም ብለውኝ ነበር እኮ!»

«እኔ ጀርባህ ይጠፋኛል?»

ሽቦ ግድግዳውን ተደገፈ። «ሴትየዋ ‹ከሌላ ቦታ ሰው ከምናመጣ የራሳችሁ ልጅ ቢወክላችሁ ይሻላል፣ የራሳችሁም ልብስ ቢሆን› አለችኝ። እኛን ደግሞ ማን ጠርቶን ያውቃል? ደስ አለኝ። ብረቱን ሲሰጡኝ ‹እሱ እኮ አልመታም› አልኳቸው። ‹አንተ ጀርባህን ስጠን፣ ሌላውን ለኛ ተወው› አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«መታሁ።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለውን ቆቄ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። እንዲህ እንደሚያም ግን አልጠረጠረችም። አዘጋጇስ ባዳ ናት። ይሄ ግን ከአንድ ሳህን የበላ ነው።

«ወንድሜ እኔ የሸጥኩት መስሎታል» አለች።

«ተሰረቀብኝ በዪው። በናትሽ ቆቄ፣ ማን ያጣራል? ካወቀ ዓይኔን አያየውም።»

ልትለው ትችል ነበር። ወንድሟ ያምናታል፣ ሽቦም ይተርፋል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ግን ቦርሳዋን አነገተች።

«እሁድ እስር ቤት አብረኸኝ ትሄዳለህ።»

«እሱ ፊት? አልችልም!»

«ካሜራ ፊት ቆመህ የለ?» ብላው ሄደች።

እሁድ ሽቦ ከእስር ቤቱ በር ላይ ቀድሟት ደርሶ ጠበቃት። ሰላም ሳይባባሉ ተፈትሸው ገቡ። የጠያቂው ወንበር አንድ ነው፣ በመስታወቱ ማዶ ካለው እስረኛ ጋር የሚያነጋግረው ስልክም አንድ። ቆቄ ተቀመጠች። ወንድሟ ከወዲያ ማዶ ስልኩን አነሳ፤ አላያትም።

«ጃኬቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለችው። «ለሰው አዋስኩት። ለዚያ ፊልም መሆኑን ግን አላወቅሁም።»

«ለማን?»

ዞር አለች። ሽቦ ከበሩ አጠገብ ጫማውን እያየ ቆሟል። ስሙ ምላሷ ላይ ነበር። ዋጠችውና ተነስታ ወንበሩን ለቀቀች፤ ስልኩን ለሽቦ ዘረጋችለት።

«ና፣ ቁጭ በል» አለችው።