የግራው መንጋጋ

«ጭነቱ ከበደህ?»

«ቁልቁለቱ ነው የሚያስቸግረው።»

የምስጢር ቃሉ ልክ ነበር። ኢዶሳ ግን መጥረቢያውን ከትከሻው አላወረደም። ከእንጦጦ ባሕር ዛፎች መሃል ብቅ ያለው ሰው «ሚዛን» ነኝ ብሏል፤ የስለላ ቢሮው እንደ ኢዶሳ ሁሉ በበሽተኛ ስም ወደ ጥርስ ክሊኒኩ ያስገባው ሰላይ። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም።

ዘመኑ 1958 ዓ.ም. ነው። የካ ላይ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ጥርስ በነጻ ይተክላል ሲባል አገሬው ተሰልፏል፤ የነጻ ነገር ማን ይጠላል? ሐኪሙ የድሃ መንጋጋ እየበሳ የብረት ሥር ይቀብራል፤ በላዩ ጥርስ ያቆማል። ይህን ጥናት ይለዋል። ብረቱ አጥንት እንደሚያበሰብስ ያውቃል፤ የሞቱበትን ግን «አገራቸው ገቡ» ብሎ ይሸፍናል።

ኢዶሳ እዚያ የገባው አዱኛ የሚባል እንጨት ቆራጭ ሆኖ ነው። ቢሮው «ጉጠት» ይለዋል። ነገ ጠዋት ተራው የጂቱ ነው፤ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ ወድቃ የፊት ጥርሶቿን ያጣች ልጅ። ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ከጎኑ ተቀምጣ ዳቦዋን አካፍላዋለች። ኢዶሳ ለሥራው ሲል ብዙ ሰው አታሏል፤ የእሷ ግን አንጀቱን በላው።

«ዕቃው?» አለ ሰውየው።

ኢዶሳ የፔኒሲሊን ጠርሙስ ሰጠው። ውስጧ ከክሊኒኩ የቆሻሻ ጉድጓድ የለቀማቸው ብረቶች አሉ፤ የሟቾቹ አጥንት ተጣብቆባቸዋል። ሰውየው በአንድ እጁ ተቀበለ። በሌላው ከኪሱ የወይራ መፋቂያ አውጥቶ ጫፉን ነክሶ አደቀቀው።

በግራ መንጋጋው።

ቢሮው እንደነገረው፣ የ«ሚዛን» ግራ መንጋጋ የተበሳው ባለፈው ሳምንት ነው። ኢዶሳ ብረቱ ከተቀበረለት ወር አልፎት እንኳ በዚያ በኩል አጥሚት ሲያልፍ እንባው ይመጣል።

«መፋቂያው ይጣፍጣል?» አለው።

ሰውየው ገባው። እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ።

መጥረቢያው ቀደመ።

ጥይቱ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ልጦ አለፈ። የሰውየው ክንድ ከክርኑ በታች ተንጠለጠለ። ኢዶሳ ጉልበቱን ደረቱ ላይ ተከለ።

«ሚዛን የት አለ?»

«ገደል ውስጥ።»

«ቃሉን ማን ሰጠህ?»

«አለቃህ። ወንድይራድ ራሱ።»

ሰውየው በደህና እጁ ጠርሙሷን ወደ ገደሉ ወረወራት። በዚያው እጅ ከጫማው ጩቤ መዘዘና የኢዶሳን ጎን ወጋ። ኢዶሳ መጥረቢያውን አነሳ። ሲያወርደው ዓይኑን አልጨፈነም።

ቢሮው ለፈረንጁ ተሽጧል። ጠርሙሷም የለችም። ሸሚዙን ቀዶ ጎኑን አሰረና ቁልቁል ወረደ። ብረቱን የሚፈቅደው ወይም የሚያግደው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ዶክተር ዘነበ፣ ቤታቸው የካ ነው። አመሻሹ ላይ በራቸውን አንኳኩቶ ሁሉንም ነገራቸው።

«ልጄ፣ በባዶ አፍ ክሊኒክ አላስዘጋም። ማስረጃው የታለ?»

«አፌ ውስጥ ነው። ይንቀሉት።»

«እዚህ ቤት ማደንዘዣ የለኝም እኮ።»

«ጉጠት አለዎት?»

ነበራቸው።

ብረቱ ብቻውን አልወጣም። የበሰበሰ አጥንትና የገዛ ጥርሶቹን ጎትቶ ወጣ። ኢዶሳ እንዳይጮህ የነከሰው ፎጣ በደም ራሰ። ዶክተሩ ብረቱን ወደ መብራቱ አስጠግተው አዩት። ጎኑን ሰፉለት፤ ከዚያ ስልክ አነሱ።

ጠዋት የክሊኒኩ በር በሰንሰለት ታስሯል። ፈረንጁ ተይዟል። የወንድይራድ ሰዎች ግን «ጉጠት»ን በየመንደሩ እያሰሱ ነው፤ ከእንግዲህ ኢዶሳም አዱኛም የሚባል ሰው የለም።

ያበጠ ፊቱን በዶክተሩ ጋቢ ሸፍኖ በክሊኒኩ ደጃፍ ሲያልፍ ጂቱን አገኛት። ታለቅሳለች። አላወቀችውም።

«ተራዬ ዛሬ ነበር፣ አባባ» አለችው። «ይህን ያስዘጋ ሰው ጥርሱ ይርገፍ።»

«አሜን» አላት። ወደ ጉርድ ሾላ ከሚወርዱት ገበያተኞች ጋር ተቀላቅሎ ሄደ።