የሸራው ገመድ

«ያንን ጫፍ ወዲህ አቀብዪኝ» አለ አባቷ፣ ዓይኑን ከምሰሶው ሳያነሳ።

ገመዱ እግሯ ሥር ነበር። ጎንበስ ብሎ ማንሳት የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው። እሷ ግን ዝም ብላ ታየው ጀመር።

«ልጄ፣ ገመድ እኮ አይናከስም።»

በሁለት ጣቷ አንስታ ሰጠችው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ አባቷ ግን ልጁ የትኛውን እባብ እንዳየች አያውቅም።

ቅዳሜ ረፋድ ነው። ዓመት ሙሉ መጋዘን ውስጥ ላስቲክ ለብሳ የከረመችው ካያክ፣ ያቺ ጠባብ የቀዘፋ ጀልባ፣ ግቢው መሀል ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተጋድማለች። አባቷ ዕድሜውን በሙሉ እየቀዘፈ አሳ ያጠመደ ሰው ነው፤ ዘንድሮ ግን ቀኝ ትከሻው ከዳው። ሐኪሙ «መቅዘፍ ካላቆምክ እጅህን አንስተህ ጸጉርህን ማበጠር ያቅትሃል» ቢለው፣ «የሚበጠር ጸጉር መቼ ተረፈኝ» ብሎ ስቆ ወጣ። ቤት ሲደርስ ግን አልሳቀም። ሁለት ቀን አሰበና በሦስተኛው ቀን ላስቲኩን ገለጠ። ክንዱ እምቢ ካለ ነፋሱ ይሥራ፤ ካያኳ ላይ ሸራ ይገጠም። ችግሩ እሱ ሸራ አያውቅም። በዚያ ቤት ሸራ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፣ ወንድሟ፤ አምና ውሃ ወሰደው።

አባቷ ምሰሶውን ለመትከል ካያኳን ዘንበል ሲያደርጋት በጀልባዋ ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ተንከባለለ። ወንድሟ ጥሏት፣ ማውጣት አቅቶት የተዋት መንጠቆ የምታሰጥም የእርሳስ ድቡልቡል ናት። እየተንኳኳች ከፊት ወደ ኋላ ሄዳ ቆመች። በመስኮቱ በኩል የሚሰማው የእናቷ የስፌት መኪናም አብሮ ቆመ። ሦስቱም አንድ ነገር የሚናገር ሰው እንዳለ ሁሉ ጆሯቸውን ሰጡ። ከዚያ እናቷ የሸራውን ጠርዝ መስፋቷን ቀጠለች።

ትምህርት ቤት «ገመድ አልባ» ይሏታል። ማሰሪያ ያለው ጫማ ስለማታደርግ ነው። ያወጣላት ከኋላዋ የሚቀመጠው ቀልደኛ ልጅ ነው፤ «ኔትወርኳ ግን ጠፍቷል፣ ስትጠሯት አትሰማም» ይላል። ክፍሉ ይስቃል፤ እሷም ላለመለየት ያህል ትስቃለች። ቋጠሮ በጣቶቿ ሲጠብቅ ሊሰማት እንደማትፈልግ ለማን ትናገራለች?

አምና ያን ቀን ነፋሱ ገና ረፋዱ ላይ ተነስቶ ነበር። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ወንድሟ ካያኳን ውሃው ጠርዝ አድርሶ ሸራውን ሰቀለ። ከሸራው የሚመጣው ገመድ ከመቀመጫው ጀርባ ባለች ቀለበት አልፎ እጁ ላይ ይደርሳል። መንጠቆዎቹን ረስቶ ስለነበር ወደ ቤት ሲሮጥ ዞር ብሎ ጮኸላት። እሷ የሰማችው «ገመዱን አጥብቂው!» የሚል ነው። አጠበቀችው። አባቷ ለመረብ ያስተማራትን፣ በተሳበ ቁጥር የሚብስበትን ቋጠሮ ቀለበቷ ላይ ደራርባ አሰረች። በሥራዋም ኮራች። ወንድሟ እየሮጠ መጣ፣ መንሳፈፊያ ጃኬቱን እንደ ልማዱ ትራስ አድርጎ ተቀመጠበት፣ የገመዱን ጫፍ በእጁ ያዘና ሄደ። ከጀርባው ምን እንዳለ አላየም።

ከሰዓት በኋላ አሳ አጥማጆች ካያኳን ተገልብጣ አገኟት። ምሰሶዋ ከመሀሉ ተሰብሯል። እሱን ያገኙት በማግስቱ ነው።

ምሰሶውን የሠራው ከሁለት መንገድ ወዲያ ያለው አናጺ ነበር። ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ ለራሱ እንደሚናገር ሰው «ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ» አለ፤ «የሸራ ገመድ አይታሰርም። በእጅ ይጠበቃል እንጂ። ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ትለቀዋለህ፣ ጀልባዋ ቀና ትላለች።»

በእጅ ይጠበቃል። ሻይ ይዛ በአጠገቡ ስታልፍ የሰማችው ይህንን ነው። ያኔ ነው የገባት፤ ወንድሟ ያላት «ጠብቂው» ነበር። እስክመለስ ከላዩ ላይ ዓይንሽን አትንቀዪ ማለቱ ነበር። በ«ጠብቂው» እና በ«አጥብቂው» መሀል ያለችው አንዲት «አ» ብቻ ናት፤ ነፋሱ ይጨምራት ጆሮዋ ይጨምራት እስከ ዛሬ አታውቅም። አባቷ ግን ያኔውኑ ተነስቶ ሰውየው ፊት ቆመ። «ለልጄ ክብሪት የሚያህል እንጨት ሰጥተኸው ደግሞ ምክር ታወራለህ?» አለው። አናጺው ሳይመልስ ወጣ። አባቷ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አልፎ አያውቅም። እሷ በማግስቱ ማንም ሳያያት ቋጠሮውን ከካያኳ ቀለበት ላይ በመቀስ ቆርጣ ሽንት ቤት ጣለችው። ሆድ ይፍጀው አለች። ሆዷ ግን አልፈጀውም፤ እሱ ሆዷን ፈጀው እንጂ። ፈተና ላይ መምህሩ «ወረቀት እስኪታደል ጠብቁ» ሲሉ የወንድሟን ድምፅ ትሰማለች፤ አንዴ ከ«አ» ጋር፣ አንዴ ያለ «አ»። በር ሲንኳኳ መንጠቆውን ረስቶ የተመለሰ ይመስላታል።

«እንዲህ ነው ምሰሶ ማለት» አለ አባቷ፣ በመዳፉ መታ መታ እያደረገው። ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ የተቆረጠ ብረት ነው። «ይኼ አይሰበርም። እናትሽ ጠርዙን ከጨረሰችልኝ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ እሞክራታለሁ።»

ገመዱን በቀለበቷ አሳልፎ ሳበ። ከዚያ ያቺን ቋጠሮ ያስር ጀመር።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«አስሬው እጄ ለመንጠቆው ነፃ ይሁንልኝ እንጂ። አንድ ደህና እጅ ነው የቀረኝ።»

«አባዬ፣ አይታሰርም እኮ። ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ።»

«የቪዲዮ ሰው መቼ አሳ አጥምዶ ያውቃል?» አለና ሁለተኛውን ዙር ጠመጠመ። «አትስጊ። የወንድምሽ ጣጣ የምሰሶው ነው፤ እሱን በብረት ቀይሬዋለሁ።»

ያቺ የቪዲዮ ውሸት ሁለቱንም ታድናለች ብላ ነበር፤ አባቷንም፣ ራሷንም። አልሠራችም። ሌላ ውሸት ብትፈልግ አጣች። አባቷ ሦስተኛውን ዙር ሲጀምር እጇን እጁ ላይ አደረገች።

«የምሰሶው አይደለም» አለች። «ገመዱ ታስሮ ነበር።»

«ማነው ያሰረው?»

«እኔ። ጠብቂው ሲለኝ አጥብቂው ያለኝ መስሎኝ። በዚችው ቋጠሮ።»

አባቷ ቀና ብሎ አላያትም። በጣቶቹ መሀል ያለውን ቋጠሮ፣ መረብ ላይ አስቀምጦ ያስተማራትን፣ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ይፈታው ጀመር። ቋጠሮው እምቢ አለ፤ ጥፍሩ ተሰበረ፤ አላቆመም። በመጨረሻ ገመዱ ሲላላ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። እናቷ ሸራውን እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆማለች፤ መቼ እንደወጣች አላዩም።

«አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር» አለ አባቷ። ድምፁ ተሰብሯል። «ዓመት ሙሉ ብቻሽን?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እናቷ መጥታ ሸራውን መሬት ጣለችና አቀፈቻት። ሦስቱም አለቀሱ። አባቷ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ሊነሳ ሲል፣ ወዴት እንደሆነ ገባት።

«እኔ ነኝ አናጺውን ሰው መሀል ያዋረድኩት» አለ።

«አንተ በኋላ ትሄዳለህ። መጀመሪያ እኔ።»

በዚያ መንገድ ከሄደች ዓመት ሆኗታል። የአናጺው ደጃፍ ድሮ መቅዘፊያና የጀልባ እንጨት ተደርድሮ የማያሳልፍ ነበር። አሁን በርና በርጩማ ብቻ ነው ያለው፤ ለውሃ የሚሆን አንድም እንጨት አላየችም። ሰውየው ሲያያት መላጊያ ማሽኑን አጠፋ። አቧራ የለበሰ ቆቡን አወለቀ፣ የሚያስቀምጥበትም ጠፋው።

«ደህና ናችሁ፣ ልጄ?» አለ ዓይኑን ሰብሮ። «እኔ እኮ እመጣለሁ እያልኩ... ያንን እንጨት ትንሽ አወፍሬው ቢሆን ኖሮ እያልኩ...»

ደፉን ተሻግራ ገባች።

«ጋሼ» አለችው፣ «የእርስዎ ምሰሶ አልነበረም።»