ዝም ያሉት አስራ አንዱ

ያመነ ይመን፣ ያላመነም መብቱ ነው። እኔ ግን በቁሜ፣ በነቃ ዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ...

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ጠራራ ፀሐይ። ጨለማ የጠበቀ ሰው ይቅርታ ያድርግልኝ።

ሥራዬ ስልክ መደወል ነው። ድርጅታችን በዘር የሚወርድ ዓይነ ስውርነትን ከሥሩ ያርማል የተባለ የዘረመል መርፌ በሙከራ ይሰጣል። እኔ ደግሞ ለተወጉት በስድስተኛ ወራቸው እየደወልኩ "ደህና ነዎት?" እላለሁ።

በዚያ ቀን አስራ ሁለት ስም ነበረኝ።

አስራ አንዱ አላነሱም...

አለቃዬ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ ቅጹን አየ።

"ምን ትጠብቂያለሽ? 'ቅሬታ የለውም' ብለሽ ሙዪው።"

"አላነሱም እኮ..."

"ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?" ሳቀ። "መርፌው ሰኞ ገበያ ላይ ይወጣል። ሙዪው!"

ሞላሁት። አስራ አንድ ጊዜ። እጄን በቆረጠው!

ስምንት ተኩል ላይ የመወጋት ተራው የታናሽ እህቴ ነበር። እዚያው ሕንፃ፣ ምድር ቤት። አባታችንን ያሳወረው በሽታ እሷንም ጀምሯታል። ወረፋውን ለምኜ ያስያዝኩላት እኔው ነኝ።

አስራ ሁለተኛዋ ግን አነሱ። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው።

"እማማ፣ ዓይንዎ እንዴት ሆነልዎት?"

"በረታ፣ ልጄ..." ሹክ ነው የሚሉት።

"እሰይ!"

"ስጨፍነውም ያያል።"

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

"ምን... ምን ይታይዎታል?"

"ሰዎች። ዓይናቸው የታሸገ። እዚህ ነበሩ... አሁን ተነስተው ወጡ። ወደ አንቺ ነው መሰለኝ..."

ስልኩ ተቋረጠ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። "አቁሙ! እንዳትወጓት!" እያልኩ ነበር።

አልደረስኩም።

እህቴ ከክፍሉ ወጥታለች። ሁለቱም ዓይኖቿ በነጭ ፋሻ ታሽገዋል። ያለ መሪ፣ ብቻዋን ትራመዳለች...

የጽዳት ሠራተኛዋ መሀል መንገድ የተወችውን ባልዲ ዞር ብላ አለፈችው።

ድምፅ ሳላወጣ አለቀስኩ።

"አታልቅሺ እንጂ፣ እትዬ" አለችኝ። አውራ ጣቷ እንባዬን ሳይስት ጠረገው።

ከዚያ ፊቷን ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ አዞረች።

"ጠጋ በይ... ሰዎቹ ይለፉ።"

ማንም አልነበረም።

እጄን ይዛ ግድግዳው ላይ አስጠጋችኝ። ትልቅ ሰው ሲያልፍ እንደምታደርገው አንገቷን ሰበር አደረገች... እንደገና... እንደገና...

ቆጠርኩ። አስራ አንድ ጊዜ።